ከጥላዬ ራስ ሁለት ስንዝር

ፀሐይ ወጥታ እያለ ዝናብ ጀመረ። ካፊያ እንኳ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጠብታ ራስ ላይ ሲያርፍ የሚሰማ ዓይነት ነው። ሮጬ አንድ የተዘጋ ቤት ታዛ ስር ገባሁ። አምስት ስድስት ሰው ቀድሞኝ ተጠልሏል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝና ሁሉም ወደየስልካቸው ተመለሱ። እኔም የእኔን አወጣሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ከመሃላችን አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማ፣ ጅብ ወለደች!»

«አዎ፣ ወለደች» አለች እናትየው፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

«ስንት ወለደች?»

መልስ የለም። ልጅቷ ትንሽ ጠብቃ ደገመችው። አሁንም የለም።

ጥያቄው እኔን ያዘኝ። ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ «ጅብ ወለደች» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስንት ወለደች ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ቀና አልኩ። ቀኑ ወደ ማምሻው ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከፊት ለፊት ዓይናችንን ትወጋናለች። እንዲህ ከሆነ መታየት ያለበት ነገር በጀርባችን በኩል ነው፤ ከተጠለልንበት ቤት ወዲያ። ለማየት መውጣት አለብኝ። መውጣት ደግሞ መበስበስ ነው።

ወጣሁ። አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ፊቴን አዞርኩ። ከጣሪያው በላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የማርያም መቀነት።

ልጅቷ ተከትላኝ ሮጣ ወጣች። አጠገቤ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፈተች። «እዚያ ነው የወለደችው?» አለችኝ። «ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። እናቷ «ትታመሚያለሽ!» እያለች መጥታ በእጇ ይዛ ወሰደቻት። ልጅቷ ግን የኋሊት ነው የሄደችው። ታዛው ስር እስክትገባ ዓይኗን አልነቀለችም።

እኔስ? እኔማ ስልኬን መልሼ አወጣሁ። ፎቶ ላነሳ ነዋ። ሌንሱ ላይ ጠብታ፣ ስክሪኑ ላይ ጠብታ፣ ጣቴን አልቀበል አለ። እንደምንም ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ሦስቱም ላይ በደንብ የሚታየው የቤቱ ቆርቆሮ ነው። ቀና ስል ቀስቱ እየደበዘዘ ነበር። ከዕድሜው ግማሹን ስክሪን ላይ አፍጥጬ ጨረስኩት።

አማርኛ ለዚህ ጣጣ ቃል አለው፤ ቀልብ። ቀልብ ይበተናል፣ ይሰረቃል፣ ይገፈፋል። ደግነቱ ይሰበሰባልም። «ቀልብህን ሰብስብ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ያኔ ቁጣ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው «ሰብስብ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። የሚሰበሰበው የተበተነ ነገር ነው፤ መሬት ላይ እንደፈሰሰ ጥሬ። አንድ ቁልፍ ተጭነህ አትመልሰውም። ጎንበስ ብለህ ነው የምትለቅመው።

አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሰው መከረኝና መረጋጋት የሚያስተምር አፕ ጫንኩ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከበስተጀርባ ውሃ ይፈሳል። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። «ዛሬ ገና አልተረጋጋህም» ይላል መልእክቱ። አጠገቤ የነበረው ሰው አንብቦት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በአምስተኛው ቀን አፑ ክፍያ ጠየቀኝ፤ አጠፋሁት። ለሌላ ሰው ይሠራ ይሆናል። እኔ ግን የቤት ሥራ ሆኖ የመጣልኝን ነገር ሁሉ እንደ ቤት ሥራ ነው የምሸሸው። በእውነት የተረጋጋሁባቸውን ጊዜያት ስቆጥር፣ «እስቲ ልረጋጋ» ብዬ የተቀመጥኩበት አንድም የለም። ሁሌም ሌላ ነገር እያየሁ ነው። እርጋታው በጎን ገብቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ።

ወደ ቀስቱ ልመለስ። ያን ቀን ማታ ካልሲዬን አስጥቼ ስለ ቀስተ ደመና ማንበብ ጀመርኩ፤ እኩለ ሌሊት አለፈ።

መጀመሪያ የገረመኝ አድራሻ ያለው መሆኑ ነው። ያውም በስንዝር የሚለካ። ፀሐይን ለጀርባህ ስጥ። መሬት ላይ የራስህን ጥላ ፈልግ፣ ከጥላውም ጭንቅላቱን። ከዚያ ክንድህን ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ፣ ከጥላህ ራስ ጀምረህ ሁለት ስንዝር ለካ። 42 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ቀስቱ ካለ እዚያ ነው፤ ቀዩ ከውጭ፣ ወይን ጠጁ ከውስጥ። ዕድለኛ ከሆንክ ሌላ ግማሽ ስንዝር ያህል ወጣ ብሎ ሁለተኛ፣ ደብዘዝ ያለ ቀስት ይኖራል። እሱ ቀለሞቹን ገልብጦ ነው የሚለብሳቸው። በሁለቱ ቀስቶች መሃል ያለው ሰማይ ደግሞ ከሌላው ጠቆር ይላል። ይሄ ጠቆር ያለ ሰማይ ያን ቀን በዓይኔ ፊት ነበር። አየሁት፤ ልብ ግን አላልኩትም። ማየትና ልብ ማለት ሁለት የተለያየ ነገር እንደሆነ ቋንቋዬ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

ቀስቱ ጥላህን ስለሚከተል ፀሐይ ከፍ ስትል እሱ ዝቅ ይላል። ፀሐይዋ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቀስቱ ጠቅላላ ከአድማስ በታች ይገባል። የቀትር ዝናብ ብዙ ጊዜ ቀስት የማያሳየን ለዚህ ነው። አውሮፕላን ላይ ያለ ሰው ግን ከእግሩ በታችም ዝናብ ስላለ ሙሉ ክብ ሊያይ ይችላል። እኛ ቀስት የምንለው የክብ ቁራጭ ነው። ቀሪውን መሬት ይዞብናል።

ሁለተኛው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የእኔ ቀስት ማዕከሉ የእኔ ጥላ ራስ ከሆነ፣ የልጅቷ ቀስት ማዕከሉ የልጅቷ ጥላ ራስ ነው። ጎን ለጎን ቆመን ሁለት ቀስት ነበር የምናየው። ለእኔ ቀይ የላከችልኝ ጠብታ ለእሷ ሌላ ቀለም ልካላታለች፤ ወይ ጭራሽ ምንም አልላከችላትም። እንዲያውም የቀኝ ዓይኔና የግራ ዓይኔ ቀስት አንድ አይደለም። እንግዲህ እኔ በሦስት ፎቶ ለሰው ላሳይ የተጣደፍኩት ነገር፣ እዚያችው ነጥብ ላይ ለቆመ አንድ ሰው ብቻ የተሰፋ ነበር።

እንዲህ ያለ ማብራሪያ ውበትን ይገድላል የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1817 ማብቂያ ላይ በአንድ የእራት ግብዣ እሱና ጸሐፊው ቻርልስ ላም በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ነጭ ብርሃንን በብርጭቆ ወደ ቀለማት የከፈለው ሳይንቲስት ኒውተን የቀስተ ደመናን ግጥም አጥፍቶታል፣ የብርጭቆ ቀለም አድርጎ አስቀርቶታል ብለው። ለኒውተን ጤና፣ ለሂሳብ ደግሞ ውርደት ተመኝተው ጽዋ አነሱ። ኪትስ ያኔ 22 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ እኔም የማላውቀውን ነገር ሁሉ እቀየም ነበር።

እኔን የሚማርከኝ ግን ከኒውተን በፊት የነበረው ታሪክ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከማል አልዲን አልፋሪሲ የሚባል የፋርስ ምሁር የዝናብ ጠብታን በቅርብ ማየት ፈለገ። ጠብታ ደግሞ ይወድቃል እንጂ አይቆምልህም። ስለዚህ ትልቅ ጠብታ ሠራ፤ ድቡልቡል ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ብርሃን ለቀቀበትና ጨረሩ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ተከታተለ። ጨረሩ ሲገባ ይታጠፋል፣ ከጠብታው ጀርባ ግድግዳ ነጥሮ ይመለሳል፣ ሲወጣ እንደገና ይታጠፋል። በዚያው ዘመን በጀርመን የፍራይበርጉ ቴዎዶሪክ የሚባል መነኩሴም ውሃ በሞላው ብርጭቆ እዚያው መልስ ላይ ደረሰ። አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። 42ቱን ዲግሪ በስሌት ያሳየው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት የመጣው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1637። አልፋሪሲን አስቡት እስቲ። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ፊት፣ ጎንበስ ብሎ። ይሄ ግጥም ገዳይ አይመስለኝም። ገጣሚም ለአንዲት ጠብታ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም።

ተረቱም ሌላው የመቆየት መንገድ ነው። ግሪኮች አይሪስ አሏት፤ በሰማይና በምድር መሃል የምትመላለስ መልእክተኛ። በዓይናችን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክብ ዛሬም በብዙ ቋንቋ በእሷ ስም ይጠራል። የሰሜን አውሮፓ የጥንት ሰዎች ደግሞ ቀስቱን የአማልክት ድልድይ አደረጉት፤ በዓለም ፍጻሜ እንደሚሰበር የተነገረለት ድልድይ። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች እባብ ነው ያዩት፤ ውሃ ባለበት ጉድጓድ የሚኖር፣ ምድሪቱን የቀረጸ ታላቅ እባብ። በኦሪት ዘፍጥረት ከጥፋት ውሃ በኋላ የቃል ኪዳን ምልክት ነው። «ቀስተ ደመና» የሚለው ስማችንም ያንን ይዟል፤ የደመና ቀስት። ቀስት እንግዲህ የጦር መሣሪያ ነው። ተዋጊው ውጊያ ጨርሶ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ይመስላል።

እኔ ግን ለመቀነቱ አደላለሁ። እባቡ ያስፈራል፤ ድልድዩ ይሰበራል፤ መቀነት ግን የቤት ነገር ነው። ዝናቡ ካጠበው በኋላ አንዷ አውጥታ ያሰጣችው፣ ሲደርቅ ደግሞ ሳናያት የምታስገባው ይመስለኛል።

ስለ ጅቧም ልናገር። ጃፓኖች ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ የቀበሮ ሰርግ ነው ይላሉ። ኮሪያዎች የነብር ሰርግ፤ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የጦጣ ሰርግ ይባላል። ሌላው ዓለም ገና ሲድር የእኛዋ ጅብ ወልዳ ቁጭ ብላለች። በእነዚህ ሁሉ ተረቶች ውስጥ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። እኛ የማንጋበዝበት ድግስ አለ። ከዓይናችን ውጭ፣ ጫካ ውስጥ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው ሲደሰቱ የሚያመልጥ ብርሃን ነው የምናየው።

ካነበብኩት ሁሉ ግን አሁንም የሚመላለስብኝ አንድ ነው። ጠብታ ይወድቃል። ትልልቆቹ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ይምዘገዘጋሉ። አንዷ ጠብታ በትክክለኛዋ ቦታ ላይ የምትሆነው ለቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ቀይ ትልክልኛለች፣ ዝቅ ስትል ቢጫ፣ ዝቅ ስትል ሰማያዊ፣ ከዚያ የለችም። ቦታዋን ሌላዋ ተክታለች። ቀስቱ ግን አይንቀሳቀስም። ያን ያህል ረግቶ ሰማይ ላይ የተቀመጠው ነገር ሙሉ በሙሉ ከሚወድቅ ነገር የተሠራ ነው። እርጋታ ማለት ሁሉ ነገር ሲቆም ነው ብዬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ፣ ስልኩ ዝም ሲል፣ ጎረቤት ሙዚቃውን ሲቀንስ።

ከዚያ በኋላ ነገር ማየት ልማድ ሆነብኝ። ትልልቅ ነገር አይደለም። ጠዋት በመጋረጃው ቀዳዳ የሚገባ አንድ ዘንግ ብርሃን አለ። ውስጡ አቧራ ይጨፍራል። ለዓመታት ያንን ሳይ የማስበው «ቤቱ መጠረግ አለበት» ነበር። አሁንም መጠረግ አለበት። ግን ከ2000 ዓመት በፊት ሮማዊው ገጣሚ ሉክሬቲየስ እንዲህ ያለውን አቧራ አይቶ፣ ዓለም በማይታዩ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ የተሞላ ነው ለማለት ምሳሌ አድርጎታል። አቧራውን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሰው አየሩ ነው፤ ያም ሆኖ ስለ ቅንጣቶቹ ያለው ወደ እውነቱ ቀርቧል። መጥረጊያ ሳያነሳ በፊት ትንሽ ስለቆየ ነው።

ጨረቃም አለች። አዲስ ስትወጣ፣ ገና ጥፍር ስታክል፣ ያልበራው ክፍሏ በስሱ እንደሚታይ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አመድ የመሰለ ብርሃን። ከየት እንደሚመጣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጽፎታል። ከእኛ ነው። የፀሐይ ብርሃን 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ተጉዞ ምድር ላይ ያርፋል፤ ምድር የተወሰነውን ወደ ጨረቃ ትመልሳለች፤ ጨረቃም ከዚያው ላይ ትንሽ መልሳ ወደ ዓይናችን ትልካለች። የሆነ ቦታ ቀን ላይ ያለ ሰው የሚሠራበት ብርሃን ነው ጨረቃ ላይ ደርሶ ሌሊት ላይ ላለሁት ለእኔ የሚመጣው። እዚያችው ጨረቃ ላይ ቻይናዎችም፣ ሕንዶችም፣ የሜክሲኮ አዝቴኮችም ጥንቸል አይተዋል። የቻይናዋ መድኃኒት ትወቅጣለች። እኔ እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ጥንቸሏን ፈልጌ አገኘኋት፤ ጆሮዎቿ ሲታዩኝ ደስ አለኝ። እንቅልፌ ግን ወዲያው አልመጣም። ሁልጊዜ ይሠራል አላልኩም። አንዳንድ ቀን ጨረቃ ጨረቃ ብቻ ናት፤ ሣርም እርጥብ ሣር ነው።

ሣር ካልኩ አይቀር ጠዛው ይቅደም። ከምሳሌዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል፣ ጠዛ ያረፈበት ሣር ላይ ቁጢጥ በሉ። መጀመሪያ ሁሉም ጠብታ አንድ ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ሁለት ዓይነት ነው። በቅጠሉ ገላ ላይ የተበተኑት ደቃቆች ከአየር የመጡ ናቸው፤ ጠዛ ማለት እነሱ ናቸው። ጫፉ ላይ ለብቻዋ የተንጠለጠለችው ወፈር ያለች ጠብታ ግን ብዙ ጊዜ ጠዛ አይደለችም። ሣሩ ራሱ ሌሊት ከሥሩ ስቦ በጫፉ ያወጣት ውሃ ናት። ውስጧ ዓለም ተገልብጦ ይታያል፤ ሰማይ ከታች፣ መሬት ከላይ። ትንፋሽ ከነካት ትወድቃለች።

አሁን ተነሱና ፀሐይን ለጀርባችሁ ስጡ። ጥላችሁ ሣሩ ላይ ረዝሞ ይተኛል። የጥላችሁን ራስ ተመልከቱ። ዙሪያውን ነጭ ብርሃን ከቦታል። በሥዕል ላይ ጻድቃን ራስ ዙሪያ የሚሣለው አክሊል ዓይነት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ሌንስ ሆና ብርሃኑን ቅጠሉ ላይ ትሰበስባለች፤ ቅጠሉም በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። የመጣው ከጀርባችሁ ስለሆነ የሚመለሰው ወደ ዓይናችሁ ነው። ስለዚህ አክሊሉ የሚከበው የተመልካቹን ራስ ብቻ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው ወርቅ አንጥረኛና ቀራፂ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ይህንን በጥላው ላይ አይቶ ለእሱ ብቻ የተሰጠ ጸጋ መሰለው። ያውም ሰው በመግደል የሚታወቅ ሰው ነው። ሣር ግን መዝገብ አያገላብጥም።

ባለፈው ሳምንት ማለዳ የግቢያችን ሣር ላይ እንዲህ ጎንበስ ብዬ እያለሁ ጎረቤቴ እትዬ ባልዲ ይዘው መጡ። ልብስ ሊያሰጡ ነው።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ምንም አልጠፋብኝም እትዬ። ጥላዬን እያየሁ ነው።»

«ጥላህን?» ደንግጠው ግንባሬን አዩት፤ ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ ብለው ይመስለኛል። ቆምኩና አሳየኋቸው። ራሴን ወዲህ ወዲያ ሳደርግ ብርሃኑ አብሮኝ ይሄዳል። እሳቸው ወደ ጣቴ አቅጣጫ አይተው፣ አይተው፣ «አንተ ላይ ምንም የለም» አሉ፤ ቁርጥ ባለ ድምፅ።

«እኔ ላይ እርስዎ አያዩትም። የራስዎን ይዩ።»

«የኔስ አለ? አንተ ታየዋለህ?»

«እኔ የርስዎን ማየት አልችልም እትዬ።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፀሐይዋን ለጀርባቸው ሰጡ። ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ወደ ግራ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ዝቅ አደረጉና እንደገና አዩ። እኔ የእሳቸው ጥላ ላይ የሚታየኝ ጥላ ብቻ ነው።

ባልዲውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።